ዩኒየኑ የልጄን ኮሌጅ ይከፍላል ወይ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዴሊ ክፍል ስሠራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ሥራ ቦታችን ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለች ጓደኛዬ ‹የዩኒየን ሠራተኛ ልጅ ኮሌጅ በነጻ ነው የሚማረው፤ የእኔን ልጅ ዩኒየኑ ነው የከፈለላት› አለችኝ። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ጂፒኤዋ 3.6 ነው፤ ግሪን ካርድ አላት። ባለቤቴ ኡበር ስለሚነዳ ደግሞ ‹ገቢያችሁ ብዙ ነው፣ ፋፍሳ (የፌዴራሉ የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ) አትልፉበት› ብለውናል። የእህቴ ልጅም ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ 10ኛ ክፍል ነው። ወላጆቹ አገር ቤት ናቸው። ለእሱስ ይሆናል? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ ዩኒየኖች ለአባሎቻቸው ልጆች ስኮላርሺፕ መስጠታቸው እውነት ነው። ኮሌጅን ሙሉ በሙሉ ይከፍላሉ የሚለው ግን በአብዛኛው ልክ አይደለም። ብዙው የዩኒየን ስኮላርሺፕ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፤ በውድድር ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ተማሪ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዶርም ቢኖር ደግሞ የዓመቱ ወጪ በቀላሉ ከ30 ሺህ ዶላር ያልፋል። የጓደኛዎ ልጅ በነጻ ከተማረች ገንዘቡ የመጣው ከብዙ ቦታ ሳይሆን አይቀርም። የፌዴራሉ ፔል ግራንት፣ የሜሪላንድ ግዛት እርዳታ፣ ኮሌጁ ራሱ የቀነሰላት፣ በዚያ ላይ የዩኒየኑ። ቤተሰብ ሲያወራው ሁሉም አንድ ላይ ይጨመቅና «ዩኒየኑ ከፈለ» ይሆናል።

ከገንዘቡ መጠን በላይ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። «ሥራ ቦታችን ዩኒየን አለው» አሉ እንጂ «አባል ነኝ» አላሉም። ሁለቱ ይለያያሉ። ቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ ማንም ሠራተኛ የዩኒየን አባል እንዲሆን ወይም መዋጮ እንዲከፍል የማይገደድበት ሕግ አላት። ስለዚህ ዩኒየኑ በተደራደረው ኮንትራት መሠረት ደሞዝዎ ሊጨምር፣ የዓመት ፈቃድም ሊያገኙ ይችላሉ፤ እንዲያም ሆኖ አባል ላይሆኑ ይችላሉ። ኮንትራቱ የሚሸፍነው ሁሉንም ሠራተኛ ነው። ስኮላርሺፑ ግን የአባል ልጅ መብት ነው። እድር ያልገባ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ሰባት ዓመት ስለኖረ ብቻ ድንኳን አይተከልለትም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ሜሪላንድና ዲሲ እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም። እዚያ ብዙ ኮንትራቶች ሠራተኛው እንዲከፍል ስለሚያስገድዱ ሰዉ ወደ አባልነት የሚገባው ሥራ ሲጀምር ነው። የጓደኛዎ ምክር ለእርስዎ ሙሉ በሙሉ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም። የደሞዝ ወረቀትዎን ያውጡና ከሚቆረጠው ገንዘብ መሐል የዩኒየን መዋጮ የሚል መስመር እንዳለ ይዩ። ካለ አባል ነዎት ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ሎካሉ (የዩኒየኑ የአካባቢ ቅርንጫፍ) ጋ ደውለው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ከሌለ አባል አይደሉም፤ ሰባት ዓመቱም አይቆጠርም። በዚህ በኩል የማዝንላቸው ብዙ ወላጆች አሉ። ሥራ የጀመሩ ቀን ብዙ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ እንግሊዝኛው ያስቸግራቸዋል፤ የአባልነቱን ካርድ ሳይፈርሙ ያልፋሉ። ሌሎች ደግሞ አገር ቤት የሠራተኛ ማኅበር ከፖለቲካ ጋር የተነካካበትን ዘመን ስለሚያስታውሱ ሆን ብለው ይሸሻሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። እዚህ ግን መፈረም ሕጋዊ መብትዎ ነው፤ አሠሪዎ በዚህ ምክንያት ሊያባርርዎት አይችልም።

ቀጥሎ የዩኒየንዎን ሙሉ ስምና የሎካሉን ቁጥር ይያዙ። በእርስዎ አካባቢ የብዙ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን ሠራተኞች የሚወክለው የምግብና ንግድ ሠራተኞች ዩኒየን፣ ዩኤፍሲደብሊው፣ ሎካል 400 ነው። የእርስዎም እሱ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከሾፕ ስቱዋርዱ፣ ማለትም ሥራ ቦታው ላይ ዩኒየኑን ከሚወክለው ሠራተኛ፣ ያረጋግጡ። ይህ የሚያስፈልገው ስኮላርሺፑ በአንድ ቦታ ስለማይሰጥ ነው። አገር አቀፉ ዩኒየን የራሱ አለው። ሎካሉም የራሱ ሊኖረው ይችላል። የግዛቱና የከተማው የዩኒየኖች ኅብረትም አንዳንዴ ይሰጣል። ወላጆች ኢንተርኔት ላይ ጎልቶ የሚታየውን አገር አቀፉን ብቻ አይተው ያመለክታሉ። እዚያ የሚወዳደሩት ከመላው አሜሪካ ጋር ነው። ሎካሉ የሚሰጠው አነስ ያለ ቢሆንም ተወዳዳሪው የዚያ ሎካል ልጅ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሎካል እንዲያውም በዕጣ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሎካሉ ቢሮ ይደውሉና «ለአባላት ልጆች ስኮላርሺፕ አላችሁ ወይ? ማመልከቻው መቼ ይዘጋል?» ብለው ይጠይቁ።

አገር አቀፉን በተመለከተ የዩኤፍሲደብሊው የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ለአባላትና ለልጆቻቸው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እስከ 8 ሺህ ዶላር የሚደርስ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል። ሌላውና በብዙ ዩኒየኖች ዘንድ የሚታወቀው ዩኒየን ፕላስ ነው። ኤኤፍኤል ሲአይኦ የተባለው የዩኒየኖች ኅብረት በ1986 ያቋቋመው ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። ሽልማቱ ከ500 እስከ 4 ሺህ ዶላር ነው። የተሳታፊ ዩኒየኖች አባላት፣ ጡረተኞች፣ ባለትዳሮችና በእነሱ ሥር ያሉ ልጆች ማመልከት ይችላሉ። ማመልከቻው የሚዘጋው ጃንዋሪ 31 ነው፤ ያውም እኩለ ቀን ላይ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት። «ማታ ከሥራ ስገባ እልከዋለሁ» ብሎ የቀረ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። የዩኒየኑን ክሬዲት ካርድ ወይም ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ አይደለም። ውጤቱ የሚነገረው በሜይ መጨረሻ ነው።

አሁን ለእርስዎ ወሳኝ የሆነውን ልንገርዎ። ዩኒየን ፕላስ ወላጅ ቢያንስ የአንድ ዓመት ተከታታይ አባልነት እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ይህ ዓመት መሙላት ያለበት ሽልማቱ በሚሰጥበት ዓመት እስከ ሜይ 31 ነው። የደሞዝ ወረቀትዎ ላይ መዋጮ ከሌለና ዛሬ ካርድ ቢፈርሙ፣ ለዘንድሮው ዙር አይደርስልዎትም። ይህ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ዩኒየን ፕላስ የሚቀበለው የ12ኛ ክፍል ተማሪን ብቻ አይደለም። ኮሌጅ ገብቶ እየተማረ ያለም፣ የሙያ ትምህርት ቤት የገባም ያመለክታል። ዘንድሮ ያላገኘ በሚመጣው ዓመትም ይሞክራል። ልጅዎ የመጀመሪያ ዓመት ኮሌጅ ላይ ሆና ማመልከት ትችላለች። የሚጠፋብዎት ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ የሚሰጠው ነው። ካርዱን በአንድ ወር ባዘገዩ ቁጥር ደግሞ ሁለተኛውንም ዙር አደጋ ላይ ይጥላሉ።

ሌላ ዩኒየን ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች ሕጉ እንደሚለያይ ልብ በሉ። የመንግሥት ሠራተኞች ዩኒየን የሆነው አፍስሚ ለአሥር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዓመት 2 ሺህ ዶላር፣ እስከ አራት ዓመት የሚታደስ ስኮላርሺፕ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የሚዘጋው በዲሴምበር መጨረሻ ነው። የጭነት መኪና ነጂዎችና የሌሎች ሠራተኞች ዩኒየን የሆኑት ቲምስተርስ በጄምስ አር. ሆፋ ስም የሚጠራ ፈንድ አላቸው። እሱም ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው፤ የሙያ ሥልጠና ለሚገቡም የተለየ ሽልማት አለው። ባልና ሚስት በተለያየ ዩኒየን ካሉ ልጁ በሁለቱም ማመልከት ይችላል። የእርስዎ ባለቤት ግን ኡበር ብቻ የሚነዱ ከሆነ በሕግ የሚቆጠሩት እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን እንደቻለ ተቋራጭ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚገኝ ነገር የለም።

አንድ ያረጀ ወሬም አለ። «ዩኒየኑ ለአባላትና ለቤተሰብ ነጻ ኮሌጅ በኦንላይን ይሰጣል» የሚል መልእክት በቴሌግራምና በዋትስአፕ አሁንም ይዞራል። መነሻው እውነት ነበር። ኦሃዮ ውስጥ ያለ ኢስተርን ጌትዌይ የሚባል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከዩኒየኖች ጋር ተስማምቶ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ነበረው። የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት አሠራሩን ተቃወመ፤ ኮሌጁ በ2024 ተዘጋ። ዛሬም ከሌሎች ኮሌጆች ጋር የሚሠሩ የነጻ ትምህርት ስምምነቶች አሉ። ግን የቆየ ማስታወቂያ አይተው ልጅዎን ከመመዝገብ በፊት ኮሌጁ ዛሬ መኖሩን፣ ክሬዲቱንም ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንደሚቀበለው ይጠይቁ።

ወደ ፋፍሳ ልምጣ። «ገቢያችሁ ብዙ ነው» ያሏችሁ ሰዎች አሳስተዋችኋል። ባለቤትዎ ከኡበር የሚመጣላቸው የዓመቱ ወረቀት ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ገቢያቸው አይደለም። ከዚያ ላይ ኡበር የወሰደው ኮሚሽን አለ። ከዚያ ለሥራ የነዱት ማይል ይቀነሳል። በ2024 የታክስ መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ ለአንድ ማይል የፈቀደው 67 ሳንቲም ነበር። በዓመት 30 ሺህ ማይል ለሥራ የነዳ ሰው በዚያ ብቻ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ከገቢው ላይ ያነሳል ማለት ነው። ፋፍሳ የሚያየው ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ታክስ ላይ የቀረውን ነው። 70 ሺህ የመሰለው ገቢ ታክሱ ላይ 30 ሺህ ሆኖ ሲገኝ ያስደነግጣል እንጂ ያለ ነገር ነው። የሚታየውም የዘንድሮው ሳይሆን ከትምህርት ዓመቱ ሁለት ዓመት ቀደም ያለው ታክስ ነው። በነገራችን ላይ ማይሉን ሳይመዘግብ የሚነዳ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ታክስ በዝቶ ይከፍላል፤ ልጁ የምታገኘው እርዳታም ይቀንሳል።

ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። በቅርብ ዓመታት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር፤ ልጅዎ ፋፍሳ ከሞላችና መስፈርቱን ካሟላች በየዓመቱ ታገኘዋለች። ይህን ከዩኒየኑ 500 ወይም 4 ሺህ ጋር ሲያስተያዩት ቅድሚያው ለየትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ተማሪ ፋፍሳ መሙላት ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነ ግን የፌዴራሉን አያገኝም። እንዲህ ላለው የቨርጂኒያ ተማሪ ግዛቷ ቫሳ የሚባል ሌላ ፎርም አላት፤ የግዛቱን እርዳታ ለማግኘት በሱ ያመለክታል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ፋፍሳ ለመሙላት ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቁ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ፤ አትክፈሏቸው። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር በነጻ ይረዳል።

ስለ ዩኒየን ስኮላርሺፕ ሲወራ ማንም የማያነሳው አንድ ችግር አለ። ልጅዎ ከውጭ 3 ሺህ ዶላር ብታገኝ ለኮሌጁ ማሳወቅ አለባት። አንዳንድ ኮሌጅ ያንን ሲሰማ ራሱ ሊሰጣት የነበረውን እርዳታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ልጅቷ ድርሰት ጽፋ፣ ተወዳድራ፣ አሸንፋ የምትከፍለው ያው ይሆናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሠራተኛ ገንዘብ ወደ ሠራተኛ ልጅ ሳይሆን ወደ ኮሌጁ ካዝና ይገባል። ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ እንዲህ እንዳያደርጉ የሚከለክል ሕግ በማውጣት የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። ልጅዎ ተቀባይነት ካገኘች በኋላ፣ ኮሌጁን ከመምረጧ በፊት ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው በኢሜይል ይጠይቁ። «ከውጭ የሚመጣ ስኮላርሺፕ መጀመሪያ የሚቀንሰው ብድሯን ነው ወይስ ግራንቷን?» በሉ። ብድርን ቀድሞ የሚቀንስ ኮሌጅ ይሻላል። መልሱን በጽሑፍ ያስቀምጡት። በተጨማሪም ስኮላርሺፕ ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ ከዋለ ታክስ የለበትም፤ ለዶርምና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል።

ማመልከቻው ላይ ልጅዎን ከሌላው የሚለያት ድርሰቷ ነው። የዩኒየን ስኮላርሺፕ እንደ ሌላው አይደለም። ውጤትና ችግር ብቻ አይበቃም፤ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ምን ታውቃለች የሚለው ይመዘናል። የእኛ ልጆች እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «እናቴ ብዙ ትለፋለች» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው፤ ግን የሺዎች ድርሰት ያንን ይላል። ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብላ ኮንትራቱን ታንብብ። የሥራ ሰዓት ፕሮግራም ከስንት ቀን በፊት መለጠፍ እንዳለበት፣ ሲታመሙ ምን እንደሚከፈልዎት፣ ኢንሹራንሱን ማን እንደሚከፍል ታግኝ። በ2020 ኮቪድ ሲገባ ሁሉም ቤቱ ሲዘጋ እርስዎ ዴሊው ላይ ቆመው ነበር። ያኔ ማስክና ተጨማሪ ክፍያ እንዴት እንደመጣ ትጠይቅዎት። ከታሪክ ደግሞ አንድ ነገር ከልቧ ትማር። ለምሳሌ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ በ1925 በባቡር መኝታ ፉርጎዎች ተሳፋሪ ያስተናግዱ የነበሩ ጥቁር ሠራተኞችን ዩኒየን አቋቋመ፤ በ1963 ዋሽንግተን ላይ ለሥራና ለነጻነት የተደረገውን ታላቅ ሰልፍም ከመሩት አንዱ እሱ ነው። እኛ በማናውቃቸው ጥቁር ሠራተኞች ትግል ነው ዛሬ በሰላም የምንሠራው። ይህን የተረዳች ልጅ ድርሰቷ ያስታውቃል። ኤአይ ይጻፍላት ካላችሁ ግን የሁሉም ሰው ድርሰት ይሆናል፤ ይባስ ብሎ ከውድድሩ ልትሰረዝ ትችላለች።

አንድ ጥንቃቄ ለእኛ ሰው በተለይ። አገር ቤት ለሁለት ሦስት ወር ያለ ደሞዝ ስንሄድ መዋጮው አብሮ ይቆማል። ያኔ የአባልነቱ ተከታታይነት ሊቋረጥ ይችላል። ሲመለሱ ሁሉም እንደነበረ ይመስልዎታል፤ የልጅዎ ማመልከቻ ሲጣራ ግን «ወላጅ አባል አይደለችም» የሚል ይመጣል። ከመሄድዎ በፊት ለሎካሉ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የሚከፈል ካለ ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ። ሱፐርማርኬት ሲቀይሩም እንዲሁ ያድርጉ። ስኮላርሺፕ ለማግኘት «የማመልከቻ ክፍያ» የሚጠይቅ ካለ ደግሞ ሌባ ነው፤ የዩኒየን ስም ቢጠቀም እንኳ። እውነተኛው አይጠይቅም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የደሞዝ ወረቀቱን ይዩ፤ አባል ካልሆኑ ለሾፕ ስቱዋርዱ ነግረው ካርዱን ይፈርሙ። ፋፍሳ ኦክቶበር 1 ነው የሚከፈተው፤ ሳይውል ሳያድር ይሙሉ። የኮሌጁን ወጪ ሲያሰሉ የዩኒየኑን ስኮላርሺፕ ዜሮ ብለው ያስቡት፤ ከመጣ መልካም። ገንዘቡ ካልበቃ ኖቫን (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን) ያስቡበት። እዚያ ዓመቱ ወደ 6 ሺህ ዶላር ገደማ ስለሆነ ፔል ግራንት ሙሉ ከመጣላት ሊሸፍነው ይችላል። አድቫንስ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ማለፊያ አላት። ነርሲንግ ወይም አይቲ የመሳሰለ የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ቨርጂኒያ ጂ3 የሚባል የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እርዳታ አላት፤ ጥያቄው የሚጀምረው በፋፍሳ ነው። 3.6 ያላት ልጅ ኖቫ መግባቷ እንደ ውድቀት አይታይ። ሁለት ዓመት ያለ ዕዳ መማር ከማንኛውም የዩኒየን ሽልማት የሚበልጥ ገንዘብ ነው።

ስለ እህትዎ ልጅ። አብሮዎት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ዩኒየን ፕላስ የእንጀራ ልጅን፣ በፎስተር (በጊዜያዊ አሳዳጊ ሥር) ያለን፣ አባሉ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚችልለትንም ልጅ ይቀበላል፤ ወጪውን የሚችሉት እርስዎ ከሆኑ ይጠይቋቸው። «እኔ ጋ ነው ያደገው» የሚለው በቂ ማስረጃ አይደለም። ፋፍሳ ላይ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ልጁ ያለ ፍርድ ቤት የሞግዚትነት ወረቀት አክስቱ ጋ ቢኖር ፎርሙ የሚጠይቀው የእርስዎን ሳይሆን አገር ቤት ያሉትን የወላጆቹን ገቢ ነው። ፍርድ ቤት ሕጋዊ ሞግዚትነት ከሰጠዎት ግን ልጁ ራሱን እንደቻለ ተማሪ ይቆጠራል፤ የወላጆቹም ሆነ የእርስዎ ገቢ አይጠየቅም። ሞግዚትነት ለእርዳታ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። በትክክል የሚያሳድጉት እርስዎ ከሆኑ ግን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም የሚጠይቁት ወረቀት ነው። ይህ መሆን ያለበት 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊት ነው። ልጁ አሁን 10ኛ ክፍል ነው፤ ጊዜው አለዎት፤ ግን ብዙ አይደለም። በካውንቲዎ ያለውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮ አሁኑኑ ያነጋግሩ፤ የወላጆቹን የጽሑፍ ስምምነትም ከአገር ቤት ያስልኩ።